ተመችቶት አልነበረም

እኛ ዘንድ ወንድ ሲወፍር ተመቸው ይባላል። ሴት ስትወፍር ግን መካሪዋ ይበዛል። እኔም ባለፈው ዓመት ቀበቶዬ ሁለት ቀዳዳ ሲጨምር፣ ደላህ ያላለኝ ሰው የለም። ነገሩ ሌላ ነበር። ማታ ማታ ተበሳጭቼ እገባና ሳይርበኝ ድስት እከፍታለሁ። የአሜሪካው 27ኛ ፕሬዚዳንት የዊሊያም ሃዋርድ ታፍት ታሪክ የያዘኝም ለዚህ ይመስለኛል።

ታፍት እ.ኤ.አ. በ1857 ሲንሲናቲ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ሲፈጠርም ግዙፍ ነው። ምኞቱ ዳኝነት ነበር። ፕሬዚዳንትነቱን አጥብቃ የፈለገችው ባለቤቱ ሔለን ናት፤ ወዳጁ ቴዎዶር ሩዝቬልትም ገፋው።

በ1905 የጦር ሚኒስትር ሳለ 142 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጨነቀውና ለአንድ እንግሊዛዊ የአመጋገብ ሐኪም ደብዳቤ ጻፈ። ሐኪሙ የሚበላውንና የማይበላውን ዘርዝሮ ላከለት። ታፍትም በየቀኑ እየተመዘነ ውጤቱን በፖስታ ይልካል። በወራት ውስጥ 27 ኪሎ ገደማ ቀነሰ። ምን ያደርጋል፣ ተመልሶ መጣ።

በ1909 መጋቢት ዋይት ሐውስ ገባ። ግንቦት ላይ ሔለንን ስትሮክ መታት፤ አንደበቷ ተያዘ። አገር የሚመራው ሰው አጠገቧ እየተቀመጠ፣ እንደ ሕፃን ቃል በቃል መናገር ያስተምራት ነበር። ቀጥሎ ሩዝቬልት ተጣላው፤ ጭራሽ በምርጫ ሊፎካከረው ተነሳ። በ1912 ሚያዝያ ደግሞ ከጎኑ የማይለየው ረዳቱ አርቺባልድ በት ከታይታኒክ ጋር ሰመጠ።

ታፍት ሲከፋው አብዝቶ ይበላ እንደነበር የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ይናገራሉ። በሥልጣን ዘመኑ ከ150 ኪሎ አለፈ። ስብሰባ ላይ ያንቀላፋል። ሰው ይስቅበታል። መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተቀርቅሮ ወጣ የሚለው ወሬ ማስረጃ የለውም፣ ግን እስከ ዛሬ ይወራል። ይኼ ነው የሚያናድደኝ፤ ገንዳዋን የሚያውቃት ሁሉ የሔለንን ሕመም አያውቅም። ጮማው ታይቷል፣ ሐዘኑ ግን አልታየም።

በ1912ቱ ምርጫ ያሸነፈው ሁለት ግዛት ብቻ ነው። ውርደት ነበር። ግን ከሥልጣን በወረደ አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 30 ኪሎ ገደማ ቀነሰ፤ ዬል ዩኒቨርሲቲም ሕግ ማስተማር ጀመረ። የልቡ መቅለል ብቻ ነው እንዳልል፣ ምግቡንም ቆጥቦ ነበር። ሁለተኛው ያለ መጀመሪያው ይሆንለት ነበር ወይ? እኔ አይመስለኝም። እኔም ድስቱን መክደን የቻልኩት ያበሳጨኝን ሥራ ከለቀቅኩ በኋላ ነው።

በ1921 የልጅነት ምኞቱ ደረሰ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ሆነ። ሁለቱንም ወንበር የያዘ አሜሪካዊ እስካሁን እሱ ብቻ ነው። በ1930 መጋቢት በ72 ዓመቱ እስኪያርፍ ሔለን አብራው ነበረች።

ዋና ዳኛ ሳለ ዋሽንግተን ውስጥ ከቤቱ ወደ ሥራ በእግሩ ይሄድ ነበር። መንገዱ በኮኔቲከት ጎዳና ድልድይ ላይ ያልፋል። ድልድዩ በ1931 በስሙ ተሰየመ።