አሾካ፦ ድል ያደረገውና የተጸጸተው ንጉሥ

ከዘመናችን አቆጣጠር በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት አብዛኛውን የሕንድ ምድር የገዛ አሾካ የሚባል ንጉሥ ነበር። የማውርያን መንግሥት የመሠረተው አያቱ ቻንድራጉፕታ ነው። መናገሻ ከተማቸው ፓታሊፑትራ ትባል ነበር፤ የዛሬዋ ፓትና ናት።

አሾካ ከነገሠ ከ8 ዓመት በኋላ በምሥራቁ ባሕር ዳርቻ የምትገኘውን ካሊንጋን ወረረ። ራሱ በድንጋይ ላይ እንዳስቀረጸው በጦርነቱ 100,000 ሰው ተገደለ፤ 150,000 ሰው ከአገሩ ተግዞ ተወሰደ፤ ከዚያም የሚበልጥ ሕዝብ አለቀ። ነገሥታት በድንጋይ የሚያስጽፉት ጀግንነታቸውን ነው። አሾካ ግን ጸጸቱን አስጻፈ።

ከዚያ በኋላ የቡድሃን ትምህርት አጥብቆ ያዘ። ይህ ትምህርት ሥራን የሚመዝነው ከተነሣበት ሐሳብ ነው። ስግብግብነት፣ ጥላቻና አለማስተዋል የክፉ ሐሳብ ሥሮች ናቸው፤ ልግስና፣ ደግነትና ማስተዋል ደግሞ የመልካም ሐሳብ ሥሮች ናቸው። ስለዚህ ሰው እጁን ከመሰንዘሩ በፊት ልቡን መመርመር አለበት።

አሾካ ይህን ወደ አገዛዙ አመጣው። ሰው መልካም ሥራውን ቶሎ እንደሚያይ፣ ክፋቱን ግን እንደማያስተውል በአዋጁ አስጠነቀቀ። ከቁጣ፣ ከጭካኔ፣ ከትዕቢትና ከቅናት መጠበቅ እንደሚገባም መከረ። ዳኞቹ ቅናት፣ ችኮላና ስንፍና እንዲያስወግዱ አዘዘ፤ በእነዚህ ምክንያት ሰው ያለ በደሉ ይታሰር ነበርና። በመንገድ ዳር ዛፍ አስተከለ፣ ጉድጓድ አስቆፈረ፤ ለሰውም ለከብትም መድኃኒት እንዲዘጋጅ አደረገ። ቀድሞ በየቀኑ እጅግ ብዙ እንስሳ ይታረድበት በነበረው የቤተ መንግሥቱ ማድ ቤት የሚታረደው ሁለት ጣዎስና አንድ አጋዘን ብቻ ሆነ።

ሆኖም ካሊንጋን ነጻ አልለቀቃትም። የጸጸቱ ጽሑፍ በሌሎች ቦታዎች ሲገኝ በካሊንጋ ባሉት ድንጋዮች ላይ የለም። በዚያ የተጻፈው ሕዝቡ ሁሉ እንደ ልጆቹ እንደሆነና ሹማምንቱም እንዲሁ እንዲንከባከቡት የሚያዝ ቃል ነው። የተበደሉት ሰዎች የበዳያቸውን ጸጸት በገዛ አገራቸው ድንጋይ ላይ አላገኙትም።

አዋጆቹ በተለያዩ ቋንቋዎች ተጽፈዋል፤ በዛሬዋ አፍጋኒስታን በካንዳሃር በግሪክኛና በአራማይስጥ የተቀረጸ ተገኝቷል። የሕንዱ ብራህሚ ፊደል ግን ከጊዜ በኋላ ተረስቶ፣ በ1837 እንግሊዛዊው ጄምስ ፕሪንሴፕ እስኪፈታው ድረስ አንባቢ አልነበረውም። ዛሬ የአሾካ ስም የሚነሣው ካሊንጋን ስላሸነፈ ሳይሆን ከድሉ በኋላ ወደ ልቡ ስለተመለከተ ነው። ሰው የገዛ ክፋቱን ማየት እንደሚከብደው ያስተማረው ንጉሥ፣ ያን ክብደት ራሱም ሳያውቀው አልቀረም።