ከገለልተኝነት ሕግ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ፦ የሴናተር አርተር ቫንደንበርግ ሕይወትና መዛግብት

የአሜሪካዊው ሴናተር የአርተር ቫንደንበርግ የግል መዛግብት አን አርበር ውስጥ፣ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የቤንትሊ የታሪክ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ከመዛግብቱ የተመረጡ ደብዳቤዎችና የዕለት ማስታወሻዎችም ሴናተሩ ካረፉ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1952፣ በልጃቸው አዘጋጅነት በመጽሐፍ ታትመዋል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መጽሐፉ የሚያተኩረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ላይ ነው። በዚህ የተነሣ የሰውየው ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ከመካከሉ ጀምሮ ነው። የኢትዮጵያን ታሪክ የሚያጠና ሰው ግን አሥር ዓመት ያህል ወደ ኋላ መመለስ ይኖርበታል።

ቫንደንበርግ በ1884 በሚሺጋን ግዛት፣ በግራንድ ራፒድስ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የፈረስ ዕቃ ሠሪ ነበሩ፤ በ1893ቱ የገንዘብ ቀውስ ከሰሩ። ልጁ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የጀመሩትን የሕግ ትምህርት ከአንድ ዓመት በኋላ አቋርጠው ወደ ጋዜጠኝነት ተመለሱ፤ በ1906 በ22 ዓመታቸው የግራንድ ራፒድስ ሄራልድ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ሆኑ። ስለ አሌክሳንደር ሃሚልተን መጻሕፍት ጽፈዋል። በ1928 በሞት የተለዩ አንድ ሴናተርን ተክተው ሴኔት ገቡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም አልወጡም። የጋዜጠኝነት ልማዳቸው በመዛግብታቸው ላይ በግልጽ ይታያል፤ የጋዜጣ ቁራጮችን በደብተር ይለጥፉ፣ ማስታወሻም ይጽፉ ነበር። ይህ ለተመራማሪ ትልቅ ሲሳይ ነው። ሆኖም ለአንባቢ ሲጽፍ የኖረ ሰው የግል ማስታወሻውንም ነገ የሚያነበው እንዳለ እያሰበ ሊጽፍ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

በ1934 ቫንደንበርግ ከሴናተር ጄራልድ ናይ ጋር ሆነው የጦር መሣሪያ ንግድ በሴኔት እንዲመረመር ሐሳብ አቀረቡ፤ በናይ ሰብሳቢነት የተቋቋመው ኮሚቴም አባል ሆኑ። ምርመራው አሜሪካ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የገባችው በመሣሪያ ነጋዴዎችና በባንኮች ጥቅም ነው የሚለውን እምነት በሕዝቡ ዘንድ አጠናከረ። ነሐሴ 1935 የጸደቀው የገለልተኝነት ሕግም የዚሁ እምነት ውጤት ነበር። ሕጉ መሣሪያ ለማንኛውም ተዋጊ አገር እንዳይሸጥ ሲከለክል በወራሪና በተወራሪ መካከል ልዩነት አላደረገም። በጥቅምት ወር ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወርር ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሕጉን በሁለቱም አገሮች ላይ ተፈጻሚ አደረጉ። መሣሪያ የምትሠራው ጣሊያን በክልከላው ብዙም አልተጎዳችም፤ ዘይትም በሕጉ አልተከለከለባትም። መሣሪያዋን ከውጭ ትገዛ ለነበረችው ኢትዮጵያ ግን አንድ ተጨማሪ በር ተዘጋባት። በእኔ ግምት የቫንደንበርግ የኋላ ዝና ሊመዘን የሚገባው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ሴናተሩ በ1939 የመሣሪያ ሽያጭ ክልከላው እንዳይነሣ ተሟገቱ። በመጋቢት 1941 ለብሪታንያ ርዳታ የሚፈቅደውን የብድርና የኪራይ ሕግ ተቃወሙ፤ በማስታወሻቸውም አገራቸው ከጆርጅ ዋሽንግተን ምክር የወጣችበት ቀን አድርገው መዘገቡት። ኋላ ግን አቋማቸው የተለወጠው ጃፓን ፐርል ሃርበርን በደበደበችበት ከሰዓት በኋላ እንደ ሆነ ጻፉ። ይህ ከመጠን በላይ የተስተካከለ ትረካ ይመስለኛል። ሪፐብሊካኖች በመስከረም 1943 በማኪናክ ደሴት ባደረጉት ስብሰባ ላይ እንኳ የቫንደንበርግ ጥረት የዓለም አቀፍ ትብብርን ከአገር ሉዓላዊነት ጋር ማስታረቅ ነበር። እውቅ የሆነው የጥር 10 ቀን 1945 የሴኔት ንግግራቸው የዚህ ዝግ ያለ ጉዞ ፍጻሜ እንጂ ድንገተኛ መለወጥ አልነበረም።

ከጥቂት ወራት በኋላ በአሜሪካ ልዑክ አባልነት ሳን ፍራንሲስኮ ተገኙ። በዚያው ጉባኤ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ያሉበት የኢትዮጵያ ልዑክም ነበር። ቫንደንበርግ ፍትሕ የሚለው ቃል በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ዓላማዎች ውስጥ እንዲገባ አጥብቀው ታገሉ፤ የተጠቃ አገር በግልም ሆነ በጋራ ራሱን የመከላከል መብቱን በሚያረጋግጠው በአንቀጽ 51 አመጣጥም ድርሻ ነበራቸው። ያሳሰባቸው ግን የኢትዮጵያ የትናንት በደል ሳይሆን የፖላንድ ዕጣና የላቲን አሜሪካ የጋራ መከላከያ ነበር። በግዛታቸው ብዙ የፖላንድ ተወላጅ መራጮች መኖራቸውም መታወስ አለበት። ያም ሆኖ በ1935 ሕግ ውስጥ ያልነበረው የአጥቂና የተጠቂ ልዩነት፣ ሕጉን ከደገፉት ሰዎች በአንዱ ተሳትፎ በቻርተሩ ውስጥ ቦታ አገኘ።

ከ1947 ጀምሮ ለሁለት ዓመት የሴኔቱን የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ በሰብሳቢነት መሩ፤ ዲሞክራቱ ፕሬዚዳንት ትሩማን ለግሪክና ለቱርክ የጠየቁት 400 ሚሊዮን ዶላርና የማርሻል ዕቅድ በሪፐብሊካኖች በተያዘው ሴኔት ያለፉት በእሳቸው ድጋፍ ነው። በ1948 በስማቸው የሚጠራው የውሳኔ ሐሳብ ለሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን መንገድ ጠረገ፤ መሠረት ያደረገውም ያንኑ አንቀጽ 51ን ነበር። በ1949 በሳንባ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሚያዝያ 18 ቀን 1951 በትውልድ ከተማቸው በግራንድ ራፒድስ ዐረፉ።