ኢብኑ አን-ነፊስ፦ የልብን መንገድ ያቀኑት ፈቂህ

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ መምህራችን ስለ ደም ዝውውር ሲያስተምረን በሰሌዳው ላይ የጻፈው አንድ ስም ብቻ ነበር፤ የእንግሊዛዊውን ዊልያም ሐርቬይን። እኛም 1628ን ሸምድደን ፈተናውን አለፍን።

ከዓመታት በኋላ እናቴ ትንፋሽ እያጠራት፣ እግሯም እያበጠ ሲያስቸግራት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ በቁራጭ ወረቀት ላይ ልብ ሥሎ ነገሩን አስረዳኝ። የልብ የቀኝ ታችኛው ክፍል ደም የሚገፋው ወደ ሳንባ ብቻ ነው። መንገዱ አጭር፣ ግፊቱም ዝቅተኛ በመሆኑ ግድግዳው ከግራው ይልቅ ስስ ነው። የሳንባ ደም ቅዳዎች ሲጠቡና ሲደድሩ ግን ይህ ክፍል ከዐቅሙ በላይ ይታገላል። መጀመሪያ ይወፍራል፣ ቀጥሎ ይለጠጣል፣ በመጨረሻም ይደክማል። ያን ጊዜ ደሙ ወደ ኋላ ይጠራቀምና እግር ያብጣል።

ማታ ይህን የልብና የሳንባ መንገድ ቀድሞ ያወቀው ማን እንደሆነ ሳገላብጥ ከአንድ የሸሪዓ ዓሊም ጋር ተገናኘሁ። እኚህ ሰው ዓላኡዲን ዐሊ አል-ቁረሺ፣ በሌላ ስማቸው ኢብኑ አን-ነፊስ ናቸው።

በ607 ዓመተ ሒጅራ (በ1210 እ.ኤ.አ.) ገደማ በደማስቆ አካባቢ ተወለዱ። ሕክምናን በደማስቆው የኑሪ ሆስፒታል ከታዋቂው አድ-ደኽዋር ተማሩ። ኋላም ወደ ካይሮ ተሻግረው የሐኪሞች አለቃ እስከመሆን እንደደረሱ ተጽፏል። በመስሩሪያ መድረሳም የሻፊዒን ፊቅህ ያስተምሩ ነበር። አሽ-ሻሚል የተሰኘውን የሕክምና መጽሐፋቸውን በ300 ጥራዝ አቅደው 80 ያህሉን አጠናቅቀዋል።

በዚያ ዘመን ሕክምና የሚመራው በግሪካዊው ጋሌን ነበር። ጋሌን በልብ ቀኝና ግራ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ ደምም በእነሱ ያልፋል ብሎ ነበር። ታላቁ ኢብኑ ሲናም ከዚህ ብዙ አልራቁም። ሐሳቡ ለሺህ ዓመት ያህል ጸና።

ኢብኑ አን-ነፊስ ግን የኢብኑ ሲናን አል-ቃኑን ሲያብራሩ ግድግዳው ድፍን ነው፣ የሚታይም የማይታይም ቀዳዳ የለውም አሉ። ደም ከቀኙ ክፍል በሳንባ ደም ቅዳ ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ በዚያ ከአየር ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያም በሳንባ ደም መልስ ወደ ግራው ክፍል ይገባል። በሁለቱ ሥሮች መካከልም ጥቃቅን መተላለፊያዎች መኖር እንዳለባቸው ተናገሩ። ጣሊያናዊው ማልፒጊ እነዚህን በማጉያ መነጽር ያያቸው በ1661 ነው።

የሐርቬይን ድርሻ መንጠቅ አልፈልግም። የመላ አካልን የደም ዑደት ያረጋገጠው እሱ ነው፤ ሐቅን መመስከር ደግሞ ሃይማኖታችን ያዘዘን ነው። የሳንባውን መንገድ ግን የካይሮው ሐኪም ከ300 ዓመት በላይ ቀድመው ገልጸውታል።

በሕመማቸው ጊዜ ሐኪሞች ወይን ጠጅ ለመድኃኒትነት ቢያቀርቡላቸው፣ በሆዴ ኸምር ይዤ ጌታዬን አልገናኝም ብለው እምቢ እንዳሉ ይተረካል። በ687 ዓመተ ሒጅራ (በ1288 እ.ኤ.አ.) አረፉ። ቤታቸውንና መጻሕፍታቸውን ለመንሱሪ ሆስፒታል ሰጡ።

የሚያሳዝነኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ግኝታቸው ለዘመናት ተረሳ። ግብጻዊው ሐኪም ሙሕየዲን አት-ተጣዊ በ1924 በጀርመን ለዶክትሬት ሲያጠና በበርሊን ቤተ መጻሕፍት በነበረ የእጅ ጽሑፍ ላይ ተመሥርቶ አወጣው። የኛው ሐብት በሰው አገር መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ እኛ የት ነበርን? መምህሬን ለመውቀስ አልደፍርም፤ እኛ ያልነገርነውን ከየት ያመጣዋል?

አባቶቻችን እንዲህ ነበሩ ብሎ መኩራራት ቀላል ነው። ኢብኑ አን-ነፊስ ግን ኢብኑ ሲናን እያከበሩ ስሕተታቸውን አረሙ እንጂ በስማቸው አልተኩራሩም። በወሎና በሐረር በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ስንት ኪታብ ተቀምጧል? ከፍተን ካላነበብነውና ለልጆቻችን ካላስተማርነው ነገም ሌላ ሰው ይተርክልናል።

እናቴ አልሐምዱሊላህ መድኃኒቷን እየወሰደች ነው። ሐኪሙ የሣለበትን ወረቀት አስቀምጬዋለሁ። በጀርባው የኢብኑ አን-ነፊስን ስም ጽፌበታለሁ። አላህ ይዘንላቸው፤ እኛንም ከዘንጊዎች አያድርገን። ወላሁ አዕለም።