ፔይተን ራውስ፦ ከአንዲት ዶሮ ደረት የተጀመረ የሳርኮማ ታሪክ

በመቱና በአካባቢዋ ውሻ የቤት ጌጥ አይደለም። ወደ ጎሬ፣ ወደ ሁሩሙ ወይም ወደ ያዮ ቢሄዱ በቆሎውን ከዝንጀሮና ከጦጣ የሚጠብቀው እሱ ነው፤ ቀን ቀን ደግሞ ከልጆች ጋር ሲጫወት ይውላል። ስለዚህ አንዲት እናት በውሻቸው ጭን ላይ የወጣው እብጠት ወደ ልጃቸው ይተላለፍ እንደሆነ ሲጠይቁኝ አልገረመኝም። መልሱ አጭር ነው፤ አይተላለፍም። የውሻና የሰው የጡንቻ ካንሰር ግን ጨርሶ የማይተዋወቁ በሽታዎች አይደሉም። ይህን ለመረዳት የአንድ ሐኪም ሕይወት ጥሩ መንገድ ስለሆነ በእሱ ልጀምርልዎ። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፔይተን ራውስ በ1879 በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ እሱንና ሁለቱን ሌሎች ልጆች ያሳደገቻቸው እናቱ ናት። በጆንስ ሆፕኪንስ ሕክምና ሲማር፣ አስከሬን በሚመረመርበት ጊዜ በቲቢ የተበከለ አጥንት ጣቱን ቧጨረውና በሽታው ብብቱ ድረስ ዘለቀ። ያን ጊዜ ለቲቢ መድኃኒት የለም። ያበጠው ንፍፊት በቀዶ ሕክምና ወጣለት፤ ከዚያ ትምህርቱን አቋርጦ በቴክሳስ ከብት እርባታ ላይ አንድ ዓመት ያህል ቆየ። ተመልሶ በ1905 ተመረቀ፤ ሆኖም በሽተኛ ማከም እንደማይሆንለት አምኖ ወደ ፓቶሎጂ አዘነበለ።

በ1909 በኒውዮርክ በሮክፌለር የምርምር ተቋም የካንሰር ላቦራቶሪውን ተረከበ። ብዙም ሳይቆይ በቀኝ ደረቷ ላይ ትልቅ ዕጢ የወጣባት ዶሮ መጣችለት። ዕጢው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሳርኮማ ሆነ፤ ማለትም ከጡንቻ፣ ከስብ፣ ከአጥንት ወይም እነዚህን ከሚያያይዘው የሰውነት ክፍል የሚነሳ ካንሰር። የዶሮዋ ከጡንቻው ከራሱ ሳይሆን ከአያያዡ ክፍል የተነሳ ነበር። ልዩነቱ ለፓቶሎጂስት ትልቅ ነው፤ በእጅ ለሚዳስሰው ግን ያው እብጠት ነው።

ራውስ ከዕጢው ቆርጦ ወደ ዘመዶቿ ዶሮዎች አዛወረ፤ አደገ። ቀጥሎ ዕጢውን ፈጭቶ፣ ሴልም ባክቴሪያም በማያሳልፍ ማጣሪያ አጥልሎ፣ ፈሳሹን ብቻ ወጋቸው። እንደገና ሳርኮማ ወጣ። በፈሳሹ ውስጥ የነበረው ቫይረስ ነው። ይህንን በ1911 አሳተመ፤ የሚቀበለው ግን አጣ። ብዙዎቹ የዶሮ ነገር የሰው ካንሰርን አይመለከትም አሉ። በአይጦች ላይ ቢሞክረውም ስላልተሳካለት ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ካንሰርን ተወው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንማረር ነበር። እሱ ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ከባልደረባው ከተርነር ጋር ደምን በሲትሬትና በስኳር ለሳምንታት ማቆየት የሚቻልበትን ዘዴ አገኘ። በ1917 ሮበርትሰን የተባለ ሐኪም ዘዴውን ፈረንሳይ ውስጥ ለቁስለኞች ተጠቀመበት። ዛሬ ብዙ ደም ለፈሰሳት ወላድ ከማቀዝቀዣ የሚወጣው ደም ከዚያ ሥራ የተወለደ ነው። ለእኔ ከኖቤሉ አይተናነስም።

በ1930ዎቹ ወዳጁ ሾፕ በጥንቸል ላይ ኪንታሮት የሚያወጣ ቫይረስ አግኝቶ ምርምሩን እንዲቀጥልበት ሲሰጠው ራውስ ወደ ካንሰር ተመለሰ፤ ከዚያም አልወጣም። የኖቤል ሽልማቱን በ1966 በ87 ዓመቱ ተቀበለ፤ የዶሮዋ ጥናት ከታተመ 55 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የልጁ ባል አለን ሆጅኪን በሦስት ዓመት ቀድሞት ወስዷል። ራውስ በ1970 ሞተ።

አንድ ነገር ተሳስቷል። ካንሰር ከሴሉ ከራሱ ጂን ለውጥ ይነሳል የሚለውን ሐሳብ እስከ እርጅናው አልተቀበለም። በ1976 ቢሾፕ፣ ቫርመስና ባልደረቦቻቸው በእሱ ቫይረስ ውስጥ ያለው የካንሰር ጂን ከጤነኛ ዶሮ ሴል የተወሰደ መሆኑን አሳዩ። የዚያ ጂን አቻ በሌሎች እንስሳትም፣ በእኔና በእርስዎም ሰውነት ውስጥ አለ። ውሻውና ልጁ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

ከጡንቻ ሴል የሚነሳው ካንሰር ራብዶማዮሳርኮማ ይባላል። በሰው በብዛት የሚይዘው ሕፃናትን ነው፤ ራስና አንገት፣ ፊኛና የመራቢያ አካላት፣ እጅና እግር ላይ ይወጣል። በውሻ ብርቅ ነው፤ ግን ሁለት ዓመት ባልሞላቸው ትልልቅ ዝርያ ውሾች ፊኛ ውስጥ እንደ ወይን ዘለላ ሆኖ ይታያል። በትንንሽ ልጆች ፊኛ የሚወጣውም ልክ እንደዚያ ነው። ሌሎቹ የለስላሳ አካል ሳርኮማዎች ደግሞ ከሰው ይልቅ በውሻ ይበዛሉ። በሽታው በሁለቱም ከየራሳቸው ሴል ይነሳል እንጂ አንዱ ለሌላው አይሰጠውም። ውሾች በግንኙነት ጊዜ የሚተላለፉት አንድ የዕጢ ዓይነት አለ፤ እሱም ሰውን አይዝም። የራውስ ቫይረስም የዶሮ ነው፤ ስለ ዶሮ ወጥ አይስጉ።

ውሻውን ወደ እንስሳት ክሊኒክ እንዲወስዱት እናትየዋን መከርኳቸው። የልጅ ጭን ወይም ክንድ ላይ እብጠት ካዩ ግን ይህን ያስተውሉ፦ በእኛ አካባቢ ጡንቻ ውስጥ መግል መቋጠር የተለመደ ነው፤ ያ ግን ያማል፣ ያተኩሳል፣ በቀናት ውስጥም ይብሳል። ሳርኮማ ብዙ ጊዜ አያምም። ከሳምንት ሳምንት ያድጋል፣ ጥልቅና ጠንካራ ነው፣ ኳስ ሲጫወት ተመትቶ ነው ተብሎም ይታለፋል። ከአምስት ሴንቲሜትር የበለጠ ወይም እያደገ ያለ እብጠት ለወጌሻ እንዲታሽ አይስጡ። መግል መስሏቸው የተቀደዱና ደም ብቻ የወጣባቸው ሳርኮማዎች አይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሙሉ በሙሉ ቆርጦ ማውጣት በጣም ይከብዳል። መጀመሪያ አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ይነሳል፣ ቀጥሎ ናሙና ይወሰዳል፣ ቀዶ ሕክምናው ከዚያ በኋላ ነው። ሳይሰራጭ የተደረሰበት ልጅ በኬሞቴራፒ፣ በቀዶ ሕክምናና ካስፈለገም በጨረር የመዳን ዕድሉ ጥሩ ነው። ከመቱ ወደ ጅማ ወይም ወደ ጥቁር አንበሳ ሪፈር ከተጻፈልዎ የናሙናውን ውጤትና የተነሱትን ፊልሞች በሙሉ ይዘው ይሂዱ፤ እብጠቱ መቼ እንደታየና ምን ያህል እንደነበረም በወረቀት ጽፈው ይያዙ።