የሕግ መወሰኛ ምክር ቤትና በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት

ከእኛ አስቀድመው በባዕድ አገር ከተማሩት ኢትዮጵያውያን አንዱ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወልደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ። ገና ልጅ ሳሉ በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ዘመቱ፤ ከድሉም በኋላ ወደ ሩሲያ ተልከው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ጅጅጋንና ጨርጨርን አስተዳደሩ፤ አሰበ ተፈሪንም ቆረቆሩ። የመጀመሪያው የአማርኛ ቲያትር የሚባለውን «ፋቡላ»ን የጻፉትም እሳቸው ናቸው።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራቸው ግን የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው። የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት አብነት አድርገው አረቀቁት፤ ሐምሌ 9 ቀንም በ55 አንቀጾች ታወጀ። በእርሱም ሁለት ምክር ቤቶች ቆሙ። የላይኛውን፣ ማለት የሕግ መወሰኛውን ምክር ቤት አባሎች ንጉሠ ነገሥቱ ከመሳፍንትና ከመኳንንት መካከል ይሾሙ ነበር። የታችኛውን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች ደግሞ፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ፣ መኳንንቱና ሹማምንቱ ይምረጡ ተባለ። የላይኛው ቤት በየአውራጃው ኃይል የነበራቸውን መኳንንት አዲስ አበባ አስቀምጦ ከዙፋኑ ሥር ለማዋል አመቺ ሆነ።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በ1927ና በ1928 ዓ.ም. በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ አገራቸው ተሟገቱ። ከወረራው በኋላ በስደት ወጥተው ብዙ ዘመን በማዳጋስካር ኖሩ፤ ሲመለሱም ሂርና ላይ በእርሻ ተሠማሩ።

በዚያ መካከል የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የታችኛውን ቤት ለሕዝብ ምርጫ ከፈተ። «እስኪበቃ ድረስ» የተባለው ጊዜ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ፈጅቷል ማለት ነው። የላይኛው ቤት ግን እንደ ቀድሞው የሹመት ቤት ሆኖ ቀረ። የሕዝብ እንደራሴዎች የተስማሙበት ረቂቅም ያለ እርሱ ፈቃድና ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፊርማ ሕግ አይሆንም ነበር።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ሲያወርድ ሁለቱንም ምክር ቤቶች በአንድ አዋጅ ዘጋ። የላይኛው ቤት ሹመቱን ያገኘው ከአንድ ሰው እጅ ስለ ነበር ከዚያው ሰው ጋር ወደቀ፤ ሕዝብ ያልመረጠው ቤት የሚሟገትለት ሕዝብ አልነበረውም። ሕዝብ የመረጠው የታችኛው ቤትም ሥር ሳይሰድ አብሮት ተቀጨ። አርቃቂው የሥራቸውን ፍጻሜ በሕይወት ሳሉ አይተው በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ።

ስለዚህ ሕገ መንግሥት ስናነብ አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን ምክር ቤቱ ምን ሥልጣን እንዳለው ብቻ አይደለም፤ ወንበሩን ማን እንደሚሰጥና ማን እንደሚነሣም ነው።