ሉሲ ዲግስ ስሎው፦ የአንዲት ጥቁር ሴት ዲን ማዕረግ፣ ደመወዝና መኖሪያ

ሉሲ ዲግስ ስሎው ከእ.ኤ.አ. 1922 ጀምሮ በ1937 ሕይወታቸው እስካለፈበት ጊዜ ድረስ በዋሽንግተን ከተማ በሚገኘው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ዲን ሆነው አገልግለዋል። በዘመኑ ለጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች የዩኒቨርሲቲ አስተዳደር በር እጅግ ጠባብ ነበር። ይሁን እንጂ የስሎው ሕይወት በይበልጥ አስተማሪ የሚሆነው በዚያ በር በመግባታቸው ሳይሆን፣ ከገቡ በኋላ የሥራቸውን ደረጃ ለማስከበር ባደረጉት የረጅም ዓመታት ትግል ነው።

ስሎው የተወለዱት በቨርጂኒያ ግዛት፣ ቤሪቪል በተባለች ከተማ ነው። ወላጆቻቸውን በልጅነታቸው በማጣታቸው ያደጉት በአክስታቸው እጅ ሲሆን፣ በኋላም ከቤተሰቡ ጋር ወደ ባልቲሞር ተዛወሩ። እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ሃዋርድ ገብተው በ1908 ተመረቁ፤ በዚያው ዓመት አልፋ ካፓ አልፋ የተሰኘውን የጥቁር ሴት ተማሪዎች ማኅበር ከመሠረቱት አንዷ ሆኑ። እንግሊዝኛ እያስተማሩ በ1915 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዲግሪ አገኙ። በ1917 የአሜሪካ ቴኒስ ማኅበርን ብሔራዊ የሴቶች ውድድር አሸነፉ። በ1919 ደግሞ በዋሽንግተን የሻው መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ርእሰ መምህርት ሆኑ።

ሃዋርድ ለዲንነት ሲጠራቸው ስሎው ጥሪውን የተቀበሉት ቅድመ ሁኔታዎችን አስቀምጠው ነው። ከእነዚህም መካከል የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ማግኘትና ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ውጭ መኖር ይገኙባቸዋል። የመኖሪያው ጉዳይ ተራ የምቾት ጥያቄ አልነበረም። በብዙ ኮሌጆች የሴት ተማሪዎች ኃላፊ የምትታየው የተማሪዎችን መውጫና መግቢያ እንደምትጠብቅ የማደሪያ ቤት ሞግዚት ነበር። ስሎው ግን የሴቶች ዲን የትምህርት ባለሙያ ናት፤ ስለዚህም ከወንዶቹ ዲኖች እኩል ልትታይ ይገባል የሚል ጽኑ አቋም ነበራቸው።

ይህ አቋም በሥራቸውም ተገልጿል። የሙያ ምክር አገልግሎትን አስፋፉ፤ ሴት ተማሪዎች ራሳቸውን በራሳቸው የሚያስተዳድሩባቸውን መንገዶች አመቻቹ፤ የሴቶች ማደሪያ ሕንጻዎች እንዲሠሩም ደከሙ። እ.ኤ.አ. በ1933 ስለ ጥቁር ሴቶች ከፍተኛ ትምህርት ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ኮሌጆች ሴቶችን ለመሪነት በበቂ ሁኔታ እንደማያዘጋጁ ተችተዋል።

የአንድ ሰው ጥረት ብቻውን በቂ እንደማይሆንም ተረድተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የኮሌጅ ሴቶች ብሔራዊ ማኅበር የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ማኅበሩ የጥቁሮች ኮሌጆች የሠለጠኑ የሴቶች ዲኖችን እንዲሾሙ ይወተውት ነበር። በ1929 ደግሞ በየኮሌጁ ተበታትነው የሚሠሩ ጥቁር ሴት ዲኖችና አማካሪዎች በአንድ ጉባኤ ተገናኝተው የሙያ ማኅበር እንዲመሠርቱ አደረጉ።

እ.ኤ.አ. በ1926 መርዴካይ ጆንሰን የሃዋርድ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ሆነው ሲሾሙ ለዩኒቨርሲቲው አዲስ ምዕራፍ ተከፈተ። በዘር ረገድ የተገኘው ይህ ድል ግን ለሴቶች እኩልነት ዋስትና አልሆነም። የስሎው ደመወዝ ከወንዶቹ ዲኖች ያነሰ ነበር። በ1933 ደግሞ ወደ ግቢው ገብተው እንዲኖሩ ታዘዙ፤ ከወንዶቹ ዲኖች አንዱም ተመሳሳይ ትእዛዝ አልደረሰውም። ትእዛዙ ሲቀጠሩ የተገባላቸውን ቃል የሚሽር፣ ሥራቸውንም ወደ ሞግዚትነት የሚመልስ ነበር። ስሎው አጥብቀው ተቃወሙ፤ የቀድሞ ምሩቃን ሴቶችም ከጎናቸው ቆሙ። ከአስተዳደሩ ጋር የነበራቸው አለመግባባት ሳይፈታ፣ ጥቅምት 21 ቀን 1937 እ.ኤ.አ. አረፉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዋሽንግተን ለጥቁር ሴት የመንግሥት ሠራተኞች የተሠራ መኖሪያ ሕንጻ በስማቸው ተሰየመ።

የስሎው ታሪክ ሹመትና የሙያ እድገት አንድ አለመሆናቸውን ያሳያል። ማዕረጉ የተሰጣቸው በአንድ ቀን ነበር፤ የማዕረጉ ትርጉም ግን በደመወዝ መዝገብና በመኖሪያ ትእዛዝ በየጊዜው ሲሸረሸር ኖሯል። ብቃታቸው ሥራውን አስገኘላቸው፤ ሥራውን በክብር ለመያዝ ግን የማኅበራት ድጋፍና አስተዳደር ሲለወጥ የማይለወጥ ውል ያስፈልግ ነበር። የመጀመሪያውን በራሳቸው ድካም ገንብተዋል፤ ሁለተኛውን ግን ዩኒቨርሲቲው ብቻ ሊሰጣቸው ይችል ነበር።