የአማርኛ ትያትር ጀማሪ፤ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም

በተማሪዎች መካከል ስለ ፊልምና ስለ ትያትር ክርክር በተነሣ ቁጥር የሚጠሩት ስሞች የውጭ አገር ሰዎች ስሞች ናቸው። የሆሊዉድ ፊልም ገና ድምፅ ባልነበረው ዘመን ድርሰት እየጻፉ፣ ተዋናይ እየመረጡ፣ ሥራውን ለሕዝብ እያቀረቡ ስማቸውን ያስጠሩትን ሰዎች ሕይወት አንዳንዶቻችን በቃላችን እንወጣዋለን። ይህ የሚነቀፍ አይደለም። የሚያሳዝነው በዚያው ዘመን በአዲስ አበባ ከተማ የመጀመሪያውን የአማርኛ ትያትር ጽፈው ለመድረክ ያበቁት ሰው የዚሁ የሰሜን ሸዋ ልጅ መሆናቸውን የሚያውቅ ተማሪ ጥቂት መሆኑ ነው። እኚህ ሰው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው።

ተክለ ሐዋርያት በሰኔ ወር 1876 ዓ.ም. በሸዋ ሲያደብር በተባለው አገር ተወለዱ። በዚያ ዘመን የሸዋ ልጅ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት ከደገመ በኋላ የሚጠብቀው ወይ ቤተ ክህነት ወይ የጌታ ቤት ነበር። እሳቸውን የጠበቃቸው የጌታ ቤት ነው። ገና በልጅነታቸው ወደ ሐረር ወርደው ከራስ መኰንን ቤት ገቡ። ራስ መኰንንም የሸዋ ተወላጅ ሲሆኑ በምኒልክ ቤት ያደጉ ነበሩ። ጦሩ ወደ ሰሜን በዘመተ ጊዜ ልጁ ተክለ ሐዋርያት ከጌታቸው ጋር አብረው ዘመቱ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የሆነውንም በአሥራ አንድ ዓመታቸው አዩ።

ከድሉ በኋላ ለትምህርት ወደ መስኮብ አገር ተላኩ። እዚያም ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው በፔተርስቡርግ በሚካኤሎቭ የመድፈኛ ትምህርት ቤት የጦር ትምህርት ተማሩ። ፔተርስቡርግ በዚያን ጊዜ ትያትር የገነነባት ከተማ ነበረች። የመስኮብ ተማሪ ሁሉ የክሪሎቭን የእንስሳት ተረት እያነበበ ያድጋል፤ የክሪሎቭ ተረት ደግሞ ከፈረንሳዊው ከላ ፎንቴን የተቀዳ ብዙ ነገር አለበት። ተክለ ሐዋርያት ወደ አገራቸው ሲመለሱ ይዘውት የመጡት እንግዲህ የመድፍ ሒሳብ ብቻ አልነበረም። ዘግየት ብለውም እንደገና ወደ አውሮፓ ሄደው የእርሻ ትምህርት ተከታትለዋል።

አገራቸው ሲገቡ ያገኙት ነገር ዛሬ ከውጭ ተምሮ የሚመለስ ሰው ከሚያገኘው ብዙም የተለየ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ ታመዋል፤ መኳንንቱ ተከፋፍለዋል፤ ሹመት በጉቦና በአማላጅ ይገኛል። ስለ ለውጥ የሚናገር ሰው ፈረንጅ ሆነ፣ ሃይማኖቱን ለወጠ ተብሎ ይጠረጠራል። የተንቀሳቃሽ ሥዕል ማሳያውን እንኳ ሕዝቡ ሰይጣን ቤት ብሎ ሰይሞት ነበር። በዋና ከተማው ትያትር እየተባለ የሚታየውም ዘፈን፣ ጭፈራና ማስቂያ ነው። ተክለ ሐዋርያት ይህን አይተው ትያትር ማለት ምን እንደሆነ ለአገራቸው ሰዎች ለማሳየት ብዕራቸውን አነሡ።

የጻፉት ድርሰት «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ይባላል። መነሻው የላ ፎንቴን ተረት ነው። በ1913 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ ውስጥ ቴራስ በተባለው ሆቴል መኳንንቱ ባሉበት ታየ። የትያትር ቤት አልነበረም፤ የሠለጠነ ተዋናይ አልነበረም፤ ኮሜዲያ ለሚለው ቃል እንኳ አማርኛ አልተገኘለትም። ደራሲው ድርሰቱን ከመጻፍ አልፈው ነገሩ ምን እንደሆነ ለተመልካቹ ማስረዳት ነበረባቸው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሥራ ከፈረንሳይ ተረት የተቀዳ የልጆች ጨዋታ ነው ብለው ያቃልሉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። አውሬ እንደ ሰው ሲናገር መስማት ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አያቶቻችን ማታ እሳት ዳር ያጫወቱን የጅብና የአህያ፣ የአንበሳና የዝንጀሮ ተረት እኮ ይኸው ነው። ቅኔ የሚያውቅ ሰውም ሰሙን ትቶ ወርቁን መፈለግ ያውቅበታል። ስለዚህ በዚያ አዳራሽ የተቀመጡት ጌቶች በአውሬዎቹ ስም የሚነገረው የማን ጉድ እንደሆነ ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። ደራሲው የነቀፉት የአስተዳደሩን ብልሹነትና የአገሩን ኋላ ቀርነት ነበር።

የተከተለውም ይህን ያረጋግጣል። ነገሩ ከንግሥት ዘውዲቱ ጆሮ በደረሰ ጊዜ ትያትሩ ተከለከለ፤ የታተመውም መጽሐፍ እንዲሰበሰብ ታዘዘ። የልጆች ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ማን ይፈራው ነበር? ከዚያ በኋላ ንግሥቲቱ በ1922 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ትያትር በአደባባይ አልታየም። አንድ ጥበብ በተወለደ ማግስት አፉ ተያዘ ማለት ነው። በኋላ እነ ዮፍታሔ ንጉሤ በትምህርት ቤቶች ትያትርን ሲያስነሡ ብዙ ነገር እንደ አዲስ መጀመር ግድ ሆነባቸው።

ተክለ ሐዋርያት ግን ከዚህ በኋላ ሌላ ትያትር ለመድረክ አላበቁም። የመንግሥት ሥራ ወሰዳቸው። የጨርጨር አገረ ገዥ ሆነው የአሰበ ተፈሪን ከተማ ቆረቆሩ፤ ይህች ከተማ ዛሬ ጭሮ ትባላለች። ቀጥሎም በጅሮንድ ተብለው የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈረመውን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው፤ ምሳሌ ያደረጉትም በ1889 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው። ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን ለመውረር በተነሣች ጊዜ ደግሞ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ ኢትዮጵያ ተከራክረዋል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ የዚህን ሰው ሕይወት ስናነብ ልናልፈው የማይገባን አንድ ጥያቄ እዚህ ላይ አለ። ሹማምንቱን በአውሬ መስለው የነቀፉት ሰው ራሳቸው ሹም ሆኑ። ያረቀቁት ሕገ መንግሥትም ምክር ቤት ቢያቋቁምም ዋናውን ሥልጣን በንጉሠ ነገሥቱ እጅ አጸና፤ እንደራሴዎቹን የሚመርጠውም ሕዝቡ አልነበረም። ታዲያ ደራሲው ቃላቸውን በሉ እንበል? ፍርዱ ቀላል አይመስለኝም። ትያትራቸው ሲከለከል ከጎናቸው የቆመ የተማረ ወገን አልነበረም። ከውጭ ያዩትን ለውጥ ለማምጣት የቀረላቸው መንገድ ውስጥ ገብቶ መሥራት ነበር፤ ውስጥ የገባ ሰው ደግሞ ቤቱ የሚፈቅድለትን ያህል እንጂ የልቡን አይሠራም። ይህን ማለት ጥፋትን መሸፈን አይደለም፤ ሰውየው የነበሩበትን ጭንቅ መረዳት ነው።

ዋጋውንም ከፍለዋል። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገሪቱን ሲይዝ ተሰደዱ፤ በጂቡቲና በማዳጋስካርም ኖሩ። አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ወዲያው አልተመለሱም፤ ስደታቸው ሃያ ዓመት ገደማ ቆየ። ከተመለሱም በኋላ ሹመት ሳይሆን እርሻን መርጠው በሐረርጌ በሂርና ኖሩ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በአባታቸው መንገድ ተጉዘው «አርአያ» የተባለውን ልብ ወለድና «ቴዎድሮስ» የተባለውን ትያትር ጻፉ። ስለዚህ መጽሐፉ ቢሰበሰብም ዘሩ አልጠፋም።

ሽማግሌው በሂርና እርሻቸውን ሲያርሱ አዲስ አበባ ትልቅ ትያትር ቤት ከፍታ ነበር፤ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» ታየ። ከቴራስ ሆቴሉ ምሽት እስከዚህ ፊልም አርባ አራት ዓመት ያህል አልፏል። ተክለ ሐዋርያት በ1969 ዓ.ም. አረፉ። የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው በአዲስ አበባ ዩኒቬርሲቲ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ሆኖ የወጣው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከሞቱ ሠላሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ከእኛ መካከል ለመድረክም ሆነ ለፊልም ድርሰት ለመጻፍ የሚያስብ ቢኖር ከሆሊዉዶቹ ሰዎች ታሪክ ጎን የሲያደብሩን ሰው ታሪክ ያንብብ። እነዚያ ትልቅ አዳራሽና የሚከፍል ተመልካች ነበራቸው። እኚህ ሰው የነበራቸው አንድ የሆቴል አዳራሽ ብቻ ነው፤ በዚያም ሊሰማቸው የማይፈልግ ጌታ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበር። እንዲህም ሆኖ የሚሉትን አሉ።